አንዲት ወፍ ያላሳረፈው ማማ

ይህ የገጠመኝ ሚሊኒየሙን ካከበርን ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ በላስታ ደጋ፣ ጥምቀት ባለፈ ሰሞን ነው። በሥራዬ ብዙ ነገር አቁሜያለሁ፤ ግማሹ ዛሬ ይኑር አይኑር እንኳ አላውቅም። ይህኛው ከአእምሮዬ ያልወጣው ሥራው ስላማረልኝ አይደለም። አምሮልኝ ነበር፤ የረባ ነገር ግን አልሠራም። ያልረሳሁት እንግዶች በመጡ ማግስት ጠዋት ያየሁትን ነው።

የእንጨት ሥራ ባለሙያ ነኝ። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ኮንስትራክሽን ተምሬ ላሊበላ ከተማ ውስጥ ለሎጆች በረንዳና የእንጨት ቤት እየነደፍኩ እሠራ ነበር። ሴት አናጢ በአገሩ ብርቅ ስለነበረች ከሥራዬ ይልቅ ወሬዬ ቀድሞኝ ይደርስ ነበር።

በዚያ ዘመን ነገሩ ሁሉ ኮሚቴ ነው። የጤና ኮሚቴ አለ፣ የተፋሰስ ኮሚቴ አለ፣ አንድ ለአምስት አለ። ከብልባላ ግማሽ ቀን ሽቅብ በእግር የሚኬድባት አንዲት መንደር ደግሞ የጎብኚ ኮሚቴ አቋቋመች። ከመንደሯ በላይ ሰፊ ጨፌ አለ፤ በበጋም ውሃ የማይለየው ረግረግ ሜዳ ነው። ዝይ ይወርድበታል፣ ሽመላ ይቆምበታል፣ አንዳንድ ጊዜም ቀይ ቀበሮ በዳርቻው አይጥ ስታድን ትታያለች። አብያተ ክርስቲያናቱን ሊያይ ላሊበላ የመጣ እንግዳ አንድ ቀን ጨምሮ ወደዚህ ቢወጣ ለመንደሩ ገቢ ይሆናል ተባለ።

ነገሩን አጥብቀው የያዙት የኮሚቴው ሊቀ መንበር አያ ተገኘ ነበሩ። ቀጠን ያሉ፣ ጨዋታ የሚወዱ፣ ሲናገሩ አንድ እጃቸውን ሁልጊዜ ዱላቸው ላይ የሚያሳርፉ ገበሬ ናቸው። ችግሩ ጨፌው የመንደሩ የበጋ ግጦሽ መሆኑ ነበር። ከብት ካልወጣለት ወፉ አይረጋም። አያ ተገኘ ጎረቤቶቻቸውን "እስከ ፋሲካ ከብታችንን እንከልክል" ብለው ለመኑ። ሰዉ አመነታ፤ በበጋ ሳር ማን ይቀልዳል? በመጨረሻ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በማርያም ደጅ፣ ቄሱ ባሉበት እንዲህ ብለው ማሉ፦

"መጀመሪያ የሚመጣው እንግዳ ወፍ ሳያይ ከተመለሰ፣ በእመቤቴ፣ ከብታችሁ ከኔ ክልክል ይብላ!"

ክልክላቸው ከቤታቸው በታች ምንጭ ዳር ያለች የታጠረች የሳር መሬት ናት። ሁለት በሬዎችና አንዲት የምትታለብ ላም አሏቸው፤ ለክረምት የሚደርሱት በእሷ ነው። የመንደሩ ከብት ከገባባት ውላ አታድርም። በሬዎቹም ለእርሻ አይደርሱም። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል፤ መሐላው የታመነውም ለዚህ ነው።

እኔን ያገኙኝ በሙሉቀን በኩል ነው። ሙሉቀን የላሊበላ አስጎብኚ ነው፤ አብረን ተምረናል። "ወፍ ማያ ማማ ሥሪላቸው፤ መሬቱን ግን እንዳትጎጂው" አለኝ። ቀላል መስሎኝ እሺ አልኩ።

ቀላል አልነበረም። ረግረግ መሬት ሲቆፍሩት ውሃው መንገዱን ይስታል፤ ሲረጋግጡት ሳሩ ይሞታል። ስለዚህ አንድም ጉድጓድ ላልቆፍር፣ አንድም ከረጢት ሲሚንቶ ላላወጣ ወሰንኩ። መሬቱን በዱላ እየወጋሁ ክብደት የሚችለውን ቦታ ለየሁና ምሰሶዎቹን በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቆምኳቸው። እንጨቱ መንደሩ ራሱ የተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ከተራራው የአገር ዛፍ፣ ከአስታው፣ አንድ ቅርንጫፍ አልቆረጥንም። በምስማር ፋንታ እንጨቱን እርስ በርሱ እያጎረስኩ በሽብልቅ አጠበቅሁት፤ መነሳት ያለበት ቀን ቢመጣ ሽብልቁን አውጥቶ ማንሳት ብቻ ነው። ወደ ማማው የሚያደርሰውን መረማመጃ ከሳሩ ከፍ አደረግሁት፤ በጣውላዎቹም መካከል ፀሐይና ዝናብ የሚያልፍበት ክፍተት ተውኩ። ሰዎቹ መረማመጃውን አይተው "ምነው፣ ጥርሱ ወላለቀሳ!" አሉኝ።

አንዳንዱን ቦታ በጠፍር ላስር ስል ደግሞ አያ ተገኘ ሳቁብኝ።

"የበሬ ቆዳ አስረሽበት ልትሄጂ? ጅቡ ማታ መጥቶ ማማሽን ራት ያደርገዋል፣ ልጄ።"

በቃጫ ገመድ አሰርኩት።

ሜዳው ለጥ ያለ ስለሆነ የማማው ወለል ከመሬት የሰው ቁመት ያህል ከፍ አለ። ፊቱን በጓሳ ሳር ጋረድነው፤ በተቀመጠ ሰው ዓይን ልክ ረጅም ጠባብ መስኮት ብቻ ቀረ። እንጨቱን ሰዉ በደቦ ወጥቶ በትከሻው አመጣው፤ የአህያ ኮቴ ረግረጉን ይወጋዋል። ሲያልቅ ከሩቅ ላየው ሰው ከሜዳው አብሮ የበቀለ ይመስል ነበር። አልዋሽም፣ ራሴን ወደድኩት።

ለኮሚቴው ሳስረክብ ሽብልቁ ሲላላ እንዴት እንደሚጠብቅ፣ ገመዱ መቼ እንደሚቀየር፣ ሳሩ እንዴት እንደሚደረብ አንድ በአንድ አሳየሁ። ሰዎቹ በጥሞና ሰሙኝ። ያሳየሁት ሁሉ ስለ እንጨቱ ነበር። ማማው ላይ የሚቀመጥ ሰው ምን ይሠራል ብሎ የጠየቀ የለም። እኔ ሙሉቀን ነግሯቸዋል ብዬ አሰብኩ፤ ሙሉቀን ደግሞ እኔ።

እንግዳ እስኪመጣ ማማውንና ጨፌውን የሚጠብቅ ሰው አስፈለገ። ኮሚቴው ተሰብስቦ በአንድ ድምፅ አያ ደርቤን መረጠ። አያ ደርቤ ከአያ ተገኘ በዕድሜ የሚበልጡ ሽማግሌ ናቸው። የተወለዱት ከታች፣ ተከዜ ዳር ቆላ ነው፤ ዕድሜያቸውን የጨረሱትም በማሽላ ማማ ላይ ነው። ቆላ ማሽላው ሲያሽት ማማ ይሠራለታል። ሰው ይወጣበትና በወንጭፍና በጅራፍ ወፉንም ዝንጀሮውንም ያባርራል። አያ ደርቤ የጠበቁትን ማሽላ ወፍ አልቀመሰውም ይባል ነበር። ማማ ላይ ተቀምጦ ማሳውን ወፍ ያስበላ ሰው በአገሩ መሳቂያ ነው፤ ሠርግ ላይ ይዘፈንበታል። እናም ኮሚቴው ማማ አለን፣ ማማን ደግሞ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም ብሎ አሰበ። ስብሰባው ላይ ብኖር እኔም እጄን አወጣ ነበር።

ከብት ብቻ ሳይሆን ሰውም ጨፌውን እንዳይረግጥ ስለተከለከለ ወጥቶ ያየ አልነበረም። የጅራፉ ጩኸት መንደር ድረስ ይሰማል። ሰዉ የባዘነ ከብት የሚመልሱ መስሎት "እሳቸውማ እሳቸው ናቸው" እያለ ይመርቃቸው ነበር።

ጥምቀት እንዳለፈ ሙሉቀን አራት ሸምገል ያሉ ፈረንጆች ይዞ ወጣ። ሥራዬ ሲደነቅ ልሰማ እኔም አብሬ ወጣሁ። እንግዶቹ ትልልቅ የሩቅ ማያ መነጽር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል፤ ላባ ባዩ ቁጥር እየቆሙ መንገዱን አስረዘሙብን። ሙሉቀን በጆሮዬ "እነዚህ ከወደዱት የላካቸው ድርጅት በየዓመቱ ይልካል" አለኝ።

አያ ተገኘ ነጭ ጋቢ ለብሰው አፋፉ ላይ ተቀበሉንና ከፊት ከፊት እየመሩ ወደ ጨፌው ወሰዱን።

ስንደርስ ውሃው አለ። ሳሩ አለ፤ እንዲያውም እንዲህ ለምልሞ አይቼው አላውቅም። ወፍ ግን የለም። በወዲያኛው ጥግ ሁለት ዝይዎች ብቻ አንገታቸውን አስግገው ቆመዋል።

አያ ደርቤ ከማማው ወረዱ። ልብሳቸውን አጥበው ለብሰዋል። ለእንግዳው ክብር ጅራፋቸውን አንድ ጊዜ በአየር ላይ አጮኹት። ሁለቱ ዝይዎች ብድግ ብለው ከገደሉ ማዶ ሄዱ።

"እንኳን ደኅና መጣችሁ!" አሉ አያ ደርቤ። ከዚያ ወደ ሊቀ መንበሩ ዞሩ። "ተገኘ፣ ይኸው ተረከበኝ። ማማውን ከያዝሁ ወዲህ አንዲት ወፍ አላሳረፍሁም። የገዛ ከብታችንን ከልክለን ያቆየነውን ሳር ዝይ ሊግጠው? እኔ ደርቤ ቁሜ!"

እንግዶቹ ሽማግሌው ምን እንዳሉ ሙሉቀንን ጠየቁት።

"ምን ልበላቸው?" አለኝ።

"እኔ ምን አውቄ!" አልኩት።

ነገራቸው። እንግዶቹ ሳቁ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ነገሩ ያስቃል፤ እኔም ዛሬ ስጽፈው እየሳቅሁ ነው። አያ ደርቤ ደግሞ ሰዎቹ በሥራቸው የተደሰቱ መስሏቸው አብረው ሳቁ። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አያ ተገኘን አየኋቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል። አሁን ይጮኹባቸዋል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ወደ ሽማግሌው ተጠግተው ጅራፉን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

"ደክመዋል፣ አያ ደርቤ። ይግቡና ይረፉ። የቀረውን እኛ እናየዋለን።"

እንግዶቹ ማማው ላይ ወጥተው ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ በጠባቡ መስኮት ሲያዩ ዋሉ። አንድ ቁራ መጣ። ቁራ ላሊበላም ሞልቷል። ሲሰለቻቸው እንጨቱን እየዳሰሱ፣ ሽብልቁን ፎቶ እያነሱ አደነቁልኝ። ሙሽራ የቀረችበት ሠርግ ላይ ድንኳኑ አማረ እንደማለት ነው። በመጨረሻ አመስግነው፣ ሌላ ጊዜ እንመጣለን ብለው ከሙሉቀን ጋር ወደ ብልባላ ወረዱ።

እኔ እግሬ ዝሎ አያ ተገኘ ቤት አደርኩ። ባለቤታቸው እትዬ ዓለም ላሚቱን ሲያልቡ ግንባራቸውን ጎኗ ላይ አስደግፈው ቆዩ። ወተቱ አልቆ ነበር፤ እሳቸው አልተነሱም።

አላስችል ብሎኝ አያ ተገኘን፣ "ነገሩ በስሕተት የሆነ ነው። ቄሱ ከመሐላው ይፍቱዎት" አልኳቸው።

"ማን አስማለኝ?" አሉ። "በገዛ አፌ ማልሁ። እንግዳው ወፍ አየ? የሸሸ ዝይ ማየት አይባልም። አላየም። አለቀ።"

ከዚያ ወጥተው በየደጁ እየዞሩ ጠዋት ከብታቸውን እንዲያመጡ ተናገሩ። የአያ ደርቤ ነገር በዚያው ምሽት በመንደሩ ተሰማ። ለሽማግሌው ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ ብቻ ሰምተዋል።

ጠዋት ውርጩ ሳይነሳ አያ ተገኘ ወርደው የክልክላቸውን አጥር በእጃቸው ከፈቱ። እትዬ ዓለም ላለማየት ወደ ጓዳ ገቡ። እኔ ከደጅ ቆሜ አያለሁ።

ሰው መምጣት ጀመረ። ቄሱም መጡና አጥሩ በር ላይ ቆሙ። ከየቤቱ የመጣው ግን አንድ አንድ ከብት ብቻ ነው። በተራ ሊያስገቡ ነው ብዬ አሰብኩ።

መጀመሪያ አንዲት ሴት ጊደር እየሳበች ገባች። ጊደሯ አንገቷን ደፍታ አንድ ጉርሻ ሳር ነጨች። ሴትየዋ ገመዱን ስባ ወዲያው መለሰቻት።

"በላ" አሉ ቄሱ። "መሐላው ለዚህ ቤት ከተገኘ ጫንቃ ወረደ።"

ሁለተኛው ሰው በሬውን አስገባ። አንድ ጉርሻ ነጨ፤ ተሳበ፤ ወጣ። "በላ" አሉ ቄሱ። ሦስተኛውም እንዲሁ።

አያ ተገኘ መጀመሪያ አልገባቸውም።

"ምን ትጫወታላችሁ? አስገቡና ልቀቋቸው እንጂ!" ብለው ተቆጡ።

"ጠግቧል፣ አያ ተገኘ" አለ በሬ የያዘው ሰው።

"የኔም ጠግባለች" አለች ሴትየዋ።

ያን ሰሞን በዚያ መንደር የጠገበ ከብት አልነበረም። ጨፌው ተዘግቷል፣ ቃርሚያው አልቋል፣ የበሬዎቹ ጎድን ይቆጠራል። አንዱ በሬ እግሩን ተክሎ አልወጣም አለ። ባለቤቱ "ጠግቧል አልኳችሁ፣ ልማዱ ሁኖበት ነው" እያለ፣ እየሳቀ፣ በሁለት እጁ ጎተተው። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። አያ ተገኘም አፋቸውን በጋቢያቸው ከለሉ፤ መሳቃቸው ይሁን ሌላ ነገር መለየት አልቻልኩም።

በመጨረሻ አያ ደርቤ ቀሩ። እስከዚያ ድረስ ከሰዉ ኋላ ብቻቸውን ቆመው ነበር። ጥቁር በሬ ይዘዋል። የበሬው አፍ በገመድ ታስሯል፤ በውቂያ ጊዜ እህሉን እንዳይበላ እንደሚታሰረው። በሩ ጋ ደረሱና ቆሙ።

"የኔ በሬ አይበላም" አሉ።

"ይግቡ፣ አያ ደርቤ" አሉ ቄሱ።

"አባቴ፣ ጥፋቱ የኔ ሁኖ የኔ በሬ ይብላ? በደሌ ይበቃኛል። አይበላም።"

"ካልበላማ መሐላው አልወረደም። ተገኘ የማርያም ባለዕዳ ሁኖ ሊቀር ነው።"

ሽማግሌው ገመዱን እንደያዙ መሬት መሬት ያያሉ። አያ ተገኘ ወደ ምንጩ ዳር ሄዱ። ከለመለመው ቦታ አንድ እጅ ሙሉ ሳር ነጭተው ተመለሱና በሌላው እጃቸው የበሬውን አፍ ይፈቱ ጀመር። ቋጠሮው ጠብቆ ስለነበር በጥርሳቸው ጎትተው ፈቱት። ከዚያ ሳሩን ለሰው እንደሚያጎርሱ አድርገው ለበሬው አጎረሱት።

"ይስሙኝ፣ አያ ደርቤ" አሉ። "ከሁላችን ሥራውን የሠራ አንቱ ብቻ ነዎት። ሥራው ምን እንደሆነ ያልነገርንዎት እኛ ነን።"

አያ ደርቤ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። በሬው ሳሩን ሲያላምጥ ይሰማል።

"በላ" አሉ ቄሱ። የቀረውን አልጨረሱትም።

ሰዉ ከብቱን እየነዳ ወደየቤቱ ሄደ። ያን ቀን መሐላው ከወረደ በኋላ ማንንም የሚያስር ነገር አልነበረም፤ የፈለገ ከብቱን ወደ ጨፌው መንዳት ይችል ነበር። እስከ ፋሲካ የነዳ የለም። ጠባቂውም አያ ደርቤ ሆነው ቀጠሉ። ቆይቶ ሙሉቀን እንደነገረኝ ዝይዎቹ ተመልሰው መጥተዋል፤ እንግዳም በአንዳንዱ ዓመት ይወጣል፣ በአንዳንዱ አይወጣም። ሽማግሌው እንግዳ ሲመጣ ሳል እንኳ እንዳያመልጣቸው አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ይቀመጣሉ አለኝ።

እኔ ከዚያ በኋላ ሌሎች ማማዎች ነድፌያለሁ። ሳስረክብ አሁን መጀመሪያ የምናገረው ስለ እንጨቱ አይደለም። ያን ጠዋት ሳስታውስ ደስ ይለኛል፤ ግን እውነቱን ለመናገር ቅናትም አለበት። እኔ ብወድቅ፣ የተራበ ከብቱን እየጎተተ "ጠግቧል" የሚልልኝ ማን እንደሆነ አንዳንድ ጊዜ ስም እየጠራሁ ለመቁጠር እሞክራለሁ። ቶሎ ነው የምጨርሰው።